የወንድሜ እጅና ሁለተኛው እርከን

ወንድሜ ከእኔ በብዙ ዓመት ያንሳል። እናታችን ሥራ ስትውል አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ስለሆንኩ፣ ስለ እሱ ሳወራ ጥቂት ባዳላ ያነበበኝ ሰው ይታገሠኝ። ሰው ሁሉ «አንበጣው» እያለ ነው የሚጠራው። ስሙን ያወጡለት የጥጥ እርሻ ሠራተኞች ናቸው፤ ጎህ ከቀደደ ጀምሮ በቢጫ አውሮፕላን ከጥጡ ራስ ላይ ዝቅ ብሎ እየተመላለሰ የተባይ መድኃኒት ይረጭ ነበር። እሱም ስሙን ለምዶታል። «አንበጣ የሚበላውን የማድነው እኔ፣ ስሙን የተሸከምኩት እኔ» ይላል።

የመርጫዋ አውሮፕላን ሞተሯ አንድ ብቻ ነው። ያ ሞተር ከጠፋ ፍጥነት የሚገኘው ከቁልቁለት ብቻ ስለሆነ፣ አብራሪው ዓይኑን ሳያሽ አፍንጫዋን ወደ ታች መድፋት አለበት። ቀና እንዳለች ከቆየች ፍጥነቷ ያልቅና እንደ ድንጋይ ትወርዳለች። ወንድሜ ይህ ነገር በእውን ደርሶበታል። አንድ ጠዋት፣ ከስልክ እንጨት ብዙም ከፍ ሳይል፣ ሞተሩ ጸጥ አለበት። እጁ አፍንጫዋን ደፋ፤ ፍጥነት ያዘች፤ መሬቱ ሲቀርብ ቀና አደረጋትና በጥጡ መስመር መካከል አሳረፋት። የእርሻው ዘበኛ በብስክሌት ደረሰና፣ «ምነው ዛሬ እዚህ አቆምካት? ማቆሚያው ጠፋህ እንዴ?» አለው። ወንድሜ ይህን ሲተርክ ዘበኛው ጋ ሲደርስ ሁልጊዜ ይስቃል። ስለ እጁ ግን ሳይስቅ ነው የሚናገረው። «ያዳነኝ እጄ ነው። እኔማ ምን እንደሆነ እያሰብኩ ነበር።»

እየቆየ ሳል ያዘው። መጀመሪያ ብርድ ነው አለ፣ ቀጥሎ አቧራ ነው አለ፤ በመጨረሻ ሚስቱ እየገፋች ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሙ ደረቱን አዳመጠና፣ «ከመድኃኒቱ ካልራቅክ እኔ ጋ መመላለስህ ለእግርህ ካልሆነ ለሳንባህ አይጠቅምም» አለው። ሚስቱና ሁለት ሴት ልጆቹ የሚኖሩት በእርሻው ግቢ ውስጥ ነው። እሱ ደግሞ ከማብረር ሌላ የተማረው ሙያ የለም። ከተማ ለከተማ ሰው የሚያመላልስ አንድ ድርጅት በሁለት ሞተር አውሮፕላን ሠልጥኖ ፈተናውን ካለፈ እንቀጥርሃለን አለው። ዕድሜው ከአርባ አልፎ ነበር፤ አብረውት የሚማሩት አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ ማለት ይቻላል። እንዲህ ሆኖ ነው እኔ ጋ የመጣው።

ቤቴ ሁለት ክፍል ነው። በመንገዱ በኩል ያለው ክፍል ልብስ የምሰፋበት ነው፤ የስፌት መኪናዬ መስኮቱ ሥር ናት፤ የቀረውን ቦታ ጨርቅ የምቆርጥበት ትልቅ ጠረጴዛ ይዞታል። ጓዳው ለእኔ አልጋና ለምድጃው ብቻ ይበቃል። ስለዚህ ወንድሜ ፍራሹን ከጠረጴዛው ሥር አነጠፈ። ጠዋት ጠዋት እየተጎተተ ሲወጣ ካልሲው ላይ ክር፣ ክርኑ ላይ ስፒል ይዞ ይወጣል። «እታለም፣ እዚህ ቤት ሳይሰፉት የሚያድር ሰው የለም ማለት ነው» ይላል።

ከትምህርት ሲመለስ በወፍራም መጽሐፉ ላይ ይደፋል። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሻይ አቅርቤለት ምን እንደሚያነብ ጠየቅኩት።

«አውሮፕላን ሲነሳ ዝም ብሎ ሽቅብ የሚሄድ ይመስልሻል፣ አይደል?» አለኝ።

«ታዲያ ቁልቁል ይሂድ?»

«በእርከን ነው የሚወጣው። ስሌቱ የተሠራው ደግሞ ለክፉ ቀን ነው። አንዱ ሞተር በማይሆን ሰዓት ቢጠፋስ ተብሎ ነው የሚታሰበው።»

ከዚያ እየቆራረሰ አስረዳኝ። አውሮፕላኑ በመንደርደሪያው ላይ ሲሮጥ መወሰኛ የሚባል ፍጥነት አለ። ከዚያ በፊት ሞተር ከጠፋ ፍሬን ይዞ መቆም ነው። ከዚያ በኋላ ከጠፋ ግን ለመቆም የሚበቃ መንገድ ስለማይኖር በቀረው በአንዱ ሞተር መነሳት የግድ ነው። ከመሬት ተነስቶ ወደ ሠላሳ አምስት ጫማ፣ ማለትም ከሦስት ፎቅ ቤት ጣሪያ በላይ ሲደርስ የመጀመሪያው እርከን ይጀምራል፤ የሚያበቃው ጎማው ተጠቃልሎ ሆዱ ውስጥ ሲገባ ነው። ሁለተኛው እርከን ከዚያ ቢያንስ እስከ አራት መቶ ጫማ ነው። በዚህ ጊዜ ከክንፉ ኋላ የሚዘረጋው ፍላፕ የሚባለው ተጨማሪ ክንፍ እንደተዘረጋ ነው፤ አንዱ ሞተር ሁሉን ብቻውን ይሸከማል፤ አብራሪው ፍጥነት ልጨምር ሳይል በያዘው ፍጥነት ወደ ላይ ብቻ ይሄዳል። ሦስተኛው እርከን ላይ ደግሞ መውጣቱን ተወት አድርጎ አፍንጫውን ዝቅ ያደርግና በሜዳ እንደሚሄድ ሆኖ ፍጥነት ይሰበስባል፣ ፍላፑንም ያጥፋል። አራተኛው፣ ፍላፑ ታጥፎ ክንፉ ከጠራ በኋላ እስከ አንድ ሺህ አምስት መቶ ጫማ ቀስ እያሉ መውጣት ነው።

«ከሁሉ የሚከብደው ሁለተኛው ነው» አለ። ባለ አንድ ሜትሩን የእንጨት ማስመሪያዬን ከጠረጴዛው ላይ አነሳና በጠፍጣፋው አስተኛው፤ በአንዱ ጫፍ ሥር አንድ የክር መጠቅለያ በጎኑ አስገባ። «ይኸውልሽ፣ ሁለተኛው እርከን ይህ ነው።»

«ይቺው ናት?»

«ይቺው ናት። መቶ ወደፊት ሲሄድ ሁለት ከምናምን ወደ ላይ። አውሮፕላኑ በአንድ ሞተር ይህን ካልቻለ ሰው ወይም ዕቃ ተቀንሶ ነው የሚነሳው።»

ጎንበስ ብዬ በጎን አየሁት። ጠመኔዬን አስቀመጥኩበት፤ ንቅንቅ አላለም። ይህን ያህል ትንሽ ሽቅብ ላይ ያ ሁሉ ሰው ተጭኖ መሄዱ ገረመኝ፤ ግን ብዙ ስጠይቅ እንዳላሰለቸው ብዬ ወደ ስፌቴ ተመለስኩ።

ፈተናው የሚደረገው ሲሙሌተር በሚሉት ውስጥ ነው። እሱ እንደነገረኝ፣ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ በብረት እግሮች ላይ የቆመ ሳጥን ነው። ውስጡ እንዳለ የአውሮፕላን መሪ ክፍል ነው፤ ይንቀጠቀጣል፣ ያዘነብላል፣ በመስኮቱ መንደርደሪያውና ከጫፉ ወዲያ ያሉት ዛፎች ይታያሉ፤ ሳጥኑ ግን ከአዳራሹ አይወጣም። ፈታኙ ከኋላ ተቀምጦ ሲያሻው ሞተር ያጠፋል። ፈታኙ በጡረታ ከጦር ኃይል የወጡ ሰው ናቸው፤ ሁሉም «ሻለቃ» ይሏቸዋል። አብራው የምትፈተነው ጥንዱ ደግሞ አንዲት ደቃቃ ልጅ ነበረች። በግራ ወንበር እሱ፣ በቀኝ እሷ ይቀመጣሉ፤ እሱ መሪውን ሲይዝ እሷ መሣሪያዎቹን እያየች ታነባለች። ጓደኞቿ ቁመቷን አይተው «ድምቢጥ» ብለዋታል።

በፈተናው ቀን ወንድሜ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለሰ። ጫማውን በር ላይ አውልቆ የደንበኞች ወንበር ላይ ተቀመጠና፣ «ዛፎቹ ላይ ወደቅኩ» አለ።

መርፌው ከእጄ ወደቀ።

«የሥዕል ዛፍ ነው እታለም፣ አትደንግጪ።»

ሻለቃ አንዱን ሞተር ያጠፉበት ከመወሰኛው ፍጥነት በኋላ፣ ጎማው ሊታጠፍ ሲል ነው። ወንድሜ በዚያ ሰዓት አፍንጫውን ቀና እንዳደረገ መቆየት እንዳለበት ከመጽሐፉ በቃሉ ያውቀዋል። እጁ ግን መጽሐፍ አላነበበም። ሞተሩ ጸጥ ሲል እጁ እንደ ጥጡ እርሻ ጊዜ አፍንጫውን ደፋው። ለቁልቁለት የሚበቃ ከፍታ አልነበረም፤ የቀረው ሞተርም ሊያወጣው ሲችል ሳያወጣው ቀረ። ሻለቃ ሳጥኑን አስቁመው፣ «አንተ ሰውዬ፣ ሁለት ሞተር ሰጥተንህ ሁለቱንም አልፈለግክም» አሉት። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚደግም፣ ያን ጊዜም ካልያዘው ወደመጣበት ከመመለስ ሌላ እሳቸውም የሚያደርጉለት እንደሌለ ነገሩት።

ወደመጣበት ማለት ወደ መድኃኒቱ ማለት ነው። ይህን ሁለታችንም አውቀን ሁለታችንም አላነሳነውም። እራት አቀረብኩ፤ ግማሹን በልቶ ሳህኑን ገፋ አደረገው።

በማግስቱ ድምቢጥ ዳቦ በፌስታል ይዛ መጣች። በሩ ላይ ቆማ «እትዬ፣ ጋሼ አሉ?» አለችኝ፤ ድምፅዋ ከቁመቷም ያነሰ ነበር። አስገባኋት። ወንድሜ ሲያያት ከወንበሩ ተነሳ።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔም ነው» አለች ሳትቀመጥ። «አፍንጫው ሲወርድ አይቻለሁ።»

«አይተሽ ምነው ዝም አልሽ?»

«ዝምስ አላልኩም። ‹ጋሼ፣ እባክዎ፣ አፍንጫው ትንሽ ዝቅ ያለ ይመስለኛል› ልል ነበር። ‹እባክዎ› ላይ ስደርስ ዛፎቹ መጡ።»

ወንድሜ ከትናንት ጀምሮ ፊቱ ተቋጥሮ ነበር፤ ያን ጊዜ ሳቀ። ሳሉ እስኪነሳበት ሳቀ። «አስተዳደግሽ ጥሩ ነው፤ ሊገድለን ነበር እንጂ» አለ።

«እናቴ ይህን ብትሰማ ደስ ይላታል፤ የመጀመሪያውን ብቻ ነው የምነግራት» አለችና ተቀመጠች።

ሲሙሌተሩ በቀን ተራ የተያዘ ስለነበር ከሐሙስ በፊት መለማመጃ ጊዜ አላገኙም። ስለዚህ እዚሁ እንለማመድ አሉ። ሁለት ወንበር ጎን ለጎን አደረጉ። መሪው የድስት ክዳን ሆነ፤ የፍላፑ እጀታ ማማሰያ፤ ጎማው ደግሞ ካውያዬ። ካውያው ከመደርደሪያው ወደ ጠረጴዛው ሲነሳ ጎማ ተጠቀለለ ማለት ነው። እየተኮስኩ ከሆነ ጎማው አይጠቀለልም፤ ይህን ቀድሜ ነገርኳቸው።

«ሞተሩስ?» አለች ድምቢጥ።

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። «እታለም፣ አንቺ መስፋትሽን ስፊ። መኪናዋ እየተንቀጫቀጨች እስካለች ሞተራችን ሰላም ነው። ደስ ባለሽ ሰዓት እግርሽን ከመርገጫው አንሺ፤ ሞተር ጠፋ ማለት ነው።»

እኔ እንዲህ ባለ ነገር ውስጥ መግባት አይሆንልኝም፤ ግን የደንበኛ ሸሚዝ መጨረስ ነበረብኝና መስፋቴ አይቀርም ነበር። ስለዚህ እሺ አልኩ።

እነሱ «ይነሳሉ»፣ እኔ እሰፋለሁ። ድምቢጥ ፍጥነቱን እየቆጠረች ታነባለች፤ «መወሰኛ» ትላለች፤ ቀጥላ «ይነሳ» ትላለች፤ ወንድሜ ክዳኑን ወደ ደረቱ ይስበዋል። እኔ እግሬን አነሳለሁ። ክፍሉ ጸጥ ይላል። «እየወጣን ነው» ትላለች። «ጎማ» ይላል። ካውያው ይነሳል። መጀመሪያ ቀን ክዳኑ በየጊዜው ወደ ጉልበቱ ይወርድ ነበር። በሁለተኛው ቀን ትንሽ ነቅነቅ ብቻ አለ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመ። ደረቱ ላይ ይዞት ሲቆይ ፊቱ ላይ የደስታ ነገር አየሁ፤ እኔም ሐሙስ ቢደርስ ግድ የለም ማለት ጀመርኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መነሳት እንደጀመሩ፣ እግሬን ከመርገጫው ላነሳ ምንም ሳላስብ፣ ክሬ ተበጠሰ። መኪናዋ ጠቅ ብላ ቆመች። የድስቱ ክዳን ከመቅጽበት ወንድሜ ጉልበት ላይ ወረደ።

«ክር ነው የተበጠሰው» አልኩ ፈጠን ብዬ፤ ጥፋት የሠራሁ መስሎኝ።

«ለእኛ ሞተር ነው» አለች ድምቢጥ ቀስ ብላ።

ወንድሜ ክዳኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ፣ «እግርሽን እያየሁ ነበር እታለም» አለኝ። «ልታነሺው ስትይ ተረከዝሽ ቀድሞ ይነሳል። ደግሞ ሁልጊዜ አንገትጌው ጫፍ ላይ ነው የምታቆሚው። ሳላውቀው ቀድሜ እየተዘጋጀሁ ነው የያዝኩት። እጄ ምንም አልተማረም።»

እውነቱን ነው፤ እኔም ሳላውቀው አንገትጌው ጫፍ ላይ ነበር የማቆመው፤ ልብሱ እንዳይበላሽብኝ። ይህን ስናውቅ ቀኑ ሰኞ ነበር። ያ ሁሉ ልምምድ እንደ ውሃ መውቀጥ ሆነ።

ድምቢጥ ተነስታ አንዲት ደንበኛ ለጠርዝ ያመጣችውን የመጋረጃ ጨርቅ በእኔና በእነሱ መካከል በገመድ ሰቀለችው። «እትዬ፣ እንግዲህ ልብሱ ቢበላሽም መሐል ላይ ያቁሙ» አለችኝ። «ቢበላሽ እኔ እፈታዋለሁ።» ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። «ጋሼ፣ እኔም የምለው አጭር ነገር ያስፈልገኛል። ‹አፍንጫ ወደ ላይ› ልበል ብዬ ነበር፤ ግን በእርስዎ ላይ ትእዛዝ ሲሆን አፌ ይያዛል። ምን ላድርግ፣ ይያዛል።»

«ስደቢኝ፣ ፈቅጃለሁ።»

«እሱማ ጭራሽ አይወጣልኝም። ‹ገና› ብልስ? ‹ገና› ትእዛዝ አይደለም። ሻይ ደረሰ ወይ ሲባልም ገና ይባላል።»

እንዲህ ሆነ። ከመጋረጃው ወዲያ ሆኜ አንዴ እጅጌው ላይ፣ አንዴ ኪሱ ላይ፣ አንዴም ገና ስፌቱን ስጀምር አቆምኩባቸው። መኪናዋ ዝም ስትል ወዲያው «ገና» ትላለች ድምቢጥ፤ ደግማ «ገና»፤ ደግማ «ገና»፤ ከፍታው ሲሞላ «አሁን»። ክዳኑን እኔ አላየውም፤ ግን ሲወርድ የሱሪው ቁልፍ ጋ እየነካ ቂው የሚል ድምፅ ነበረው። ማክሰኞ ያን ድምፅ ሦስት አራት ጊዜ ሰማሁት። ረቡዕ ጠዋት አልሰማሁትም።

ረቡዕ ከሰዓት ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ከመጋረጃው ወዲያ እንዲህ ሲባባሉ ሰማሁ።

«ገና። ገና። አሁን።»

የክዳኑ ድምፅ አልመጣም።

«ጋሼ፣ አሁን አልኩ እኮ።»

«ገና ነው።»

«‹ገና› የማለት ሥራ የእኔ ነው። አራት መቶ አልፈናል፣ ስድስት መቶ አልፈናል፤ ፍላፑ እንደተዘረጋ ነው። እንዲህ ከቀጠልን መንግሥተ ሰማያት በፍላፕ ልንገባ ነው።»

መጋረጃውን ገለጥ ሳደርግ ወንድሜ ክዳኑን እንደ ታቦት ጨብጦ ቀርቷል። አፍንጫ መድፋትን እንዲህ ፈርቶ ሦስተኛው እርከን ላይም አልደፋ አለ። እሷ እንዲገባኝ አድርጋ አስረዳችኝ፤ የቀረው ሞተር በሙሉ ጉልበቱ እንዲሠራ የሚፈቀድለት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ዝቅ ብሎ ፍጥነት ካልተሰበሰበና ፍላፑ ካልታጠፈ ሞተሩ ይጎዳል። ወንድሜ እያዳመጠ ቆየና፣ «ለካ እጄ የሚያውቀው ነገርም ይፈለጋል» አለ። «ቦታው ሦስተኛው ላይ ነው እንጂ።»

«እጅዎ ድግሱ ሳይደርስ የሚመጣ እንግዳ ነው» አለች ድምቢጥ። «አይባረርም፤ በር ላይ ቆይ ይባላል።»

ሐሙስ ጠዋት ሸሚዙን ተኩሼ ሰጠሁት። እሱ ሄደ፤ እኔ ሥራዬ ላይ ተቀመጥኩ። የሰፋሁትን እየፈታሁ እንደገና ስሰፋ ነው የዋልኩት። ምን እንደሆነ ያወቅኩት በኋላ ድምቢጥና እሱ እየተነጣጠቁ ሲነግሩኝ ነው።

ሻለቃ መጀመሪያ ሞተሩን ያጠፉት ልክ እንደ ባለፈው፣ ከመወሰኛው ፍጥነት በኋላ ነው። ድምቢጥ «ገና» አለች። እጁ ቀጥ አለ፤ ጎማው ታጠፈ፤ በዚያች በክር መጠቅለያዋ ሽቅብ ላይ እየተጎተቱ ወጡ፤ «አሁን» ሲባል አፍንጫውን ዝቅ አደረገ፤ ፍጥነት ሰበሰበ፤ ፍላፑን አጠፈ፤ ወጣ። ሁለቱም አለቀ ብለው ትንፋሻቸውን ሲለቁ፣ ሻለቃ ከኋላ ሆነው፣ «ይሄ ‹ገና ገና› የሚባለው መጽሐፉ ላይ የቱ ጋ ነው?» አሉ።

«መጽሐፉ ላይ የለም ሻለቃ። ከስፌት ቤት ነው» አለች ድምቢጥ።

«ከስፌት ቤት። ጥሩ።» ወደ ወንድሜ ዞሩ። «እሷ ባትልልህ ምን ይሆን ነበር?»

ድምቢጥ በዓይኗ ‹ዝም ይበሉ› እያለችው ነበር አሉ። ምንም አይሆንም ነበር ቢል ማን ያስተባብለዋል? ወንድሜ ግን፣ «አላውቅም። ምናልባት ይወርድ ነበር» አለ።

«እኔም አላውቅም» አሉ ሻለቃ። «እኔ የማላውቀውን ሰው ደግሞ ሕዝብ አላስጭነውም። እስኪ እንወቀው። አንቺ ልጅ፣ ከመነሳትሽ ራስሽን ስተሻል። አፍሽም እጅሽም አይሠራም።»

እንደገና ከመንደርደሪያው ጫፍ ጀመሩ። ከመሬት እንደተነሱ ድምቢጥ ራሷን በትከሻዋ ላይ ጣለች። «ሳትሽ አልኩ እንጂ ተኛሽ አላልኩም፤ ቀና በይ፣ መሪውን ትጋርጂዋለሽ» አሏት ሻለቃ። ይህን ብለው ሳይጨርሱ ነው ሞተሩን ያጠፉት፤ ልብ የሚያዘናጋ ሰዓት መርጠው ነው።

ድምቢጥ በግማሽ ዓይኗ እያየች ነበር። አፍንጫው ነቅነቅ አለ። ትንሽ ወረደም፤ ከዛፎቹ አንዱ በመስኮቱ ከፍ ብሎ ታያት። እጇን በጉልበቷ ሥር ቀበረችው። ከዚያ ወንድሜ ለራሱ፣ ሰው እንዳይሰማው በሚመስል ድምፅ፣ «ገና» ሲል ሰማች። አፍንጫው ተመለሰ። ጎማውን የሚያጥፍለት ስለሌለ ቀኝ እጁን ዘርግቶ ራሱ አጠፈው፤ ግራው መሪውን ወደ ደረቱ ስቦ እንደያዘ ነው። «ገና» አለ። ከፍታ የሚያሳየው መሣሪያ ቀስ ብሎ ሽቅብ ይሄዳል፤ ያ ሽቅብ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ እኔ ማስመሪያው ላይ አይቼዋለሁ። «ገና።» አራት መቶ አለፈ፤ ድርጅቱ ለሦስተኛው እርከን የወሰነው ከፍታ ላይ ደረሰ። «አሁን» አለና እጁን ለቀቀው። አፍንጫው ዝቅ አለ፤ ፍጥነቱ አደገ፤ ፍላፑ ገባ፤ ቀሪውን ወጣ።

ሻለቃ ሳጥኑን አስቆሙ።

«አፍንጫው ወርዶ ነበር» አሉ።

«አዎ።»

«አየሁህ። መለስከው።»

«አዎ ሻለቃ።»

«የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ነው። ይሄ አይለቅህም፤ እንዲለቅህም አትጠብቅ።» መነጽራቸውን አወለቁ። «በየስድስት ወሩ እዚህ እየመጣህ እንደያዝከው ታሳየኛለህ። አሁን ተነሱ፣ ሌሎች ተራ ይጠብቃሉ።»

ወንድሜ ከሳጥኑ ወጥቶ ደረጃውን ሲወርድ እንኳ ማለፉን አላወቀም። በየስድስት ወሩ የሚፈተነው በሥራ ላይ ያለ አብራሪ መሆኑን ያስታወሰችው ድምቢጥ ናት። ደረጃው መሐል ቆሞ የብረቱን ድጋፍ ያዘና ሳለ፤ ሳሉ ሲያልቅ፣ «እንግዲያውስ አለፍኩ ማለት ነው» አለ።

ቤት ሲመጡ ፊታቸውን አይቼ አወቅኩ። ሻይ ጣድኩ። ወንድሜ ስልኩን ይዞ ወደ መስኮቱ ሄደና ለሚስቱ ደወለ። የሰማሁት የእሱን በኩል ብቻ ነው። «አለፍኩ» አለ። ቆየት ብሎ፣ «አይ፣ ምንም አልረጭም፤ ሰው ነው የምጭነው» አለ። ቀጥሎ፣ «እሱማ ሰውም ያስላል፤ ግን እኔን እስካላስነጠሰ ድረስ ግድ የለም» አለ። ከዚያ ሚስቱ የምትለውን ረጅም ጊዜ አዳመጠ። ጀርባውን ሰጥቶን ስለነበር ፊቱን አላየሁትም፤ ድምቢጥና እኔም ስኳር እንደምናማስል ሆነን ወደ ብርጭቆው አየን።

ሚስቱና ልጆቹ ትምህርት ሲዘጋ መጡ፤ ከእኔ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ቤት ተከራዩ። ሳሉ ጭራሽ አልተወውም፤ ግን ሌሊት መቀስቀሱን ተወ። በዚያ አውሮፕላን ጡረታ እስኪወጣ በረረ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ በእውነተኛ በረራ አንድም ሞተር አልጠፋበትም። የተማረውን በእውን ሳይጠቀምበት ነው ሥራውን የጨረሰው፤ እሱ ይህን ዕድል ነው የሚለው፤ እኔም እንዲያው ነው ያሰብኩት።

በየስድስት ወሩ ግን ወደ ሳጥኑ ይሄድ ነበር። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ወሬ ይቀንስ ነበር፤ ልጆቹም ስለሚያውቁት አይነካኩትም ነበር። ከእነዚህ ቀናት በአንዱ ጃኬቱ እጅጌው ተተርትሮ አምጥቶልኝ፣ እየሰፋሁለት ጠየቅኩት።

«አሁንስ እጅህ ተወው?»

«አልተወውም» አለኝ። «ሞተሩ ሲጠፋ ዛሬም መጀመሪያ መሄድ የሚፈልገው ወደ ታች ነው። እኔ ነኝ የማስጠብቀው።»

ክሩን በጥርሴ በጥሼ ጃኬቱን ሰጠሁት። ለብሶት እጅጌውን አየት አደረገና ወደ ሥራው ሄደ።